ከፕላስቲኩ ሥር ያለው አሻራ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ የስክሪን ቀን። በየሦስት ወሩ የሆስፒታሉን ስክሪን ሁሉ እየዞርኩ በእርጥብ ጥጥ ጠርጌ ናሙና እወስዳለሁ፤ ሥራዬ ኢንፌክሽን መቆጣጠር ነው። መግቢያው ላይ ሕመምተኛ ስሙን የሚያስገባበትን፣ የነርሶቹን ኮምፒውተር፣ የመድኃኒት ማሽኑን፣ የሐኪሞቹን ስልክ... ስልክ ላይ ሲደርስ ነው ጭቅጭቁ። "ትናንት ጠርጌዋለሁ እኮ!" ይላል ሁሉም። ትናንት የጠረገ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ምሳ ሰዓት የነርሶቹ ማረፊያ ገባሁ። ወሬው ቆመ። አንዷ ስልኳን ከሳህኗ አጠገብ አንስታ ኪሷ ከተተች፤ ሌላዋ እጇን አገላብጣ አየች። እኔ ሾርባ ላሞቅ ነበር የገባሁት... "እመቤት ሳሙና" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስም አይገድልም። ሾርባዬን ይዤ ምድር ቤት ወደ ቢሮዬ ወረድኩ። መስኮት የለውም። ለምጄዋለሁ።

የልጆች ካንሰር ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አናገረኝ። ሎሬዳና። የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር ናት፤ ጠዋት ተማሪዎቹን አድርሳ ከሰዓት እስክትመልሳቸው ድረስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እዚህ ትመጣለች። ልጇ ጄማ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል ውስጥ ሞታለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሁን የጄማን ታብሌት ይዛ እየመጣች የታመሙትን ልጆች ታጫውታለች... ሥዕል ይስሉበታል፣ ዓሣ የሚያሳድጉበት ጨዋታ አላቸው።

"ደግሞ መጣሽ? ማን ምን ሰረቀ?" አለችኝ ጥጤን እያየች።

"ባክቴሪያ ነው የምፈልገው።"

"ካገኘሽው ሰላም በይልኝ።"

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ወደ ቤት ስነዳ ትዝ አለኝ... ዛሬ ከሥራ ውጭ ከሰው ጋር ያወራሁት ይቺን ብቻ ነው።

ሂልካ ከሞተች ሰባት ወር ሊሆን ነው። ታላቅ እህቴ። ሁለታችንም ሳናገባ እዚህ የወላጆቻችን ቤት ውስጥ ዕድሜያችንን አብረን ጨረስን። አሁንም በር ስከፍት "መጣሁ" እላለሁ። ለማን?

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ናሙናዎቹ በቅለዋል። ቴሬንስ ከላቦራቶሪ ጠርቶኝ ባክቴሪያው የሚበቅልባቸውን ሳህኖች ደረደረልኝ። ቢጫ ነጥብ፣ ነጭ ነጥብ፣ አንዱ ሳህን ላይማ ነጥቡ ሞልቶ ተያይዟል።

"ይሄ የመግቢያው ስክሪን ነው" አለኝ። "የሽንት ቤቱ በር እጀታ ከዚህ ይሻላል። የፈለግሽውን መርጠሽ ንኪ።"

አብዛኛው ምንም የማያደርግ የቆዳ ባክቴሪያ ነው። ለጤነኛ ሰው። ለአለቆቹ ጻፍኩላቸው። ሁሌም እጽፋለሁ። አመሰገኑኝ። ሁሌም ያመሰግኑኛል።

አንዳንዴ ሳህኖቹን ሳይ ሌላ ነገር ነው የማስበው። ስንት ጣት ነው ያረፈበት? የፈራ፣ የቸኮለ፣ ልጅ ያዘለ... የኔ ቤት ውስጥ ጥጥ ባዞር ምን ይበቅላል? የኔ ብቻ።

በረዶ ጀምሯል። ከከተማው ዳር ያለው ሐይቅ ጠቁሯል።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ጁኒን አተኮሳት።

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የደም ካንሰር። ፀጉሯ ረግፎ ቅንድቧ ብቻ ቀርቷል። ስታየኝ "ሳሙና መጣች!" ብላ ትጮሃለች። ፊት ለፊት የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ደስ ይለኛል እንጂ...

ቴሬንስ ደወለ። ከደሟ ውስጥ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ በቅሏል፤ ያውም የተለመደው መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ልጅ። የመጀመሪያው ተርፎ ቤቱ ገብቷል። ጁኒ ግን የመከላከል አቅም የሚባል ነገር የላትም አሁን። ደረቷ ላይ የመድኃኒት ቱቦ ገብቷል፤ ያ ነው መንገዱ። ጣት የሆነ ነገር ይነካል፣ ከዚያ ቱቦውን ይነካል፣ ከዚያ ደም ውስጥ ነው።

ከሰዓት ወደ ጽኑ ሕሙማን ወሰዷት። ኮሪን፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ መተላለፊያው ላይ ጠበቀችኝ።

"ከኛ ክፍል አይደለም።"

"ኮሪን፣ ሁለት ልጅ ነው።"

"ከኛ አይደለም አልኩሽ! ነርሶቼ እጃቸው እስኪላጥ ነው የሚታጠቡት። አንቺ ጥጥሽን ይዘሽ ብቅ ትዪና..."

አልጨረሰችውም። ዓይኗ ቀልቷል።  

ጁኒን በመስታወቱ አየኋት። አልጋው በጣም ትልቅ ነው።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ክፍሉ በሙሉ ታጠበ። ከመታጠቡ በፊት ግን ሁሉንም ጠርጌ ናሙና ወስጃለሁ። የአልጋ ብረት፣ የበር እጀታ፣ ኮምፒውተር፣ የቴሌቪዥን ሪሞት። እስኪ ምን ቀረኝ?

የጁኒ አባት ካፖርቱን ሳያወልቅ ጽኑ ሕሙማን በር ላይ ተቀምጧል። ወረቀት ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ከፈረቃው በቀጥታ ነው የመጣው። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ትኩሳቱ ከመጀመሩ በፊት ምን ምን ትነካ ነበር?"

"ሁሉንም ነዋ። ልጅ ናት።" ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ "ያ የሎሬዳና ታብሌት ግን ከእጇ አይለይም ነበር። ለቅዳሜና እሑድም ትታላት ትሄዳለች። ዓሣ አላት እዚያ ውስጥ። ስም ሁሉ አውጥታለታለች።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"ምነው?" አለኝ።

"ምንም። እየጠየቅሁ ነው።"

ቢሮ ወርጄ የመጀመሪያው ልጅ እናት ጋ ደወልኩ። እሱም ይጫወትበት ነበር።

ታብሌቱ የሆስፒታሉ ንብረት አይደለም። ስለዚህ በኔ ዙር ውስጥ የለም። በማንም ዙር ውስጥ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልጋ ሲዞር...

የምመኘው ባክቴሪያውን እዚያ ላይ ማግኘቱን ነው ወይስ ማጣቱን?

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ጁኒ እንዳለች ናት። በማሽን ነው የምትተነፍሰው።

ሎሬዳና በሰዓቷ መጣች። ጓንቴን ሳጠልቅ አየችኝ።

"ዛሬ ደግሞ እኔን ልትመረምሪ ነው?"

"ታብሌቱን።"

"ጥረጊው! ከፈለግሽ ላሺው። ለአንዱ ልጅ ከመስጠቴ በፊት በአልኮል ነው የማጸዳው።"

እውነቷን ነው። ስክሪኑ ያብረቀርቃል። ከላይ ጠረግሁት። ስመልስላት ግን አየሁ፤ የስክሪኑ መከላከያ ፕላስቲክ በአንደኛው ማዕዘን ትንሽ ተላቅቋል። ከተላቀቀው ሥር ጥቁር መስመር አለ። እድፍ። አልኮሉ ከላይ ከላይ ያልፋል እንጂ እዚያ አይገባም። ሌላ ጥጥ አውጥቼ ሳስጠጋ እጄን ያዘችው።

"እዚያ ጋ አይነካም።"

ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልነበረም።

ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና ታብሌቱን አጋደለችው። "ይታይሻል?" መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ... አሻራ። የትንሽ አውራ ጣት አሻራ፣ ከፕላስቲኩ ሥር፣ ሙጫው ላይ። መስመሮቹ አንድም ሳይጠፉ።

"ራሷ ነች የለጠፈችው። ከመሞቷ በፊት ባለው ሳምንት። 'እማ፣ አንቺ አትንኪው፣ አረፋ ታስገቢበታለሽ' ብላ። ራሷው አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። እንዴት እንደተናደደች!" ሳቀች። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። "ልብሷን አጥቤዋለሁ። እኔው ራሴ፣ በቀብሩ ማግስት፣ ሳላስብ። ሽታዋ በሙሉ ሄደ። ይሄ ብቻ ነው ያልታጠበው።"

 ሥራዬ ያልታጠበ ነገር መፈለግ ነው።

"ጫፉን ብቻ ልንካ። አሻራው ጋ አልደርስም።"

"የጁኒ ነገር ነው፣ አይደል?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ታብሌቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። ከዚያ ሰጠችኝ። ጥጡን ሳስገባ ፊቷን አዞረች።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ከላይ የወሰድኩት ሳህን ባዶ። ከፕላስቲኩ ሥር የወሰድኩት ግን ሙሉ ነው። ያው ስታፍ። ቴሬንስ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝና ምንም አልቀለደም። ከጁኒ ደም ከወጣው ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠው ምርመራ ዊኒፔግ ወዳለው ትልቁ ላቦራቶሪ ተልኳል። እኔ ግን አልጠብቅም፤ ታብሌቱ ዛሬውኑ ከክፍሉ መውጣት አለበት።

"አንቺ ንገሪያት" አለችኝ ኮሪን። "እኔ አልችልም። ጄማ ስትሞት እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አልችልም፣ አይላ።"

በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ልጆቹ ፊት እንዳይሆን ብዬ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኋት። አውቶብሷን አቁማ ልትወርድ ስትል በሩን አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አልገባ አለኝ። እሷ መሪው ላይ ሆና ዞራ ታየኛለች። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ሌላ መንገድ አላውቅም።

"የጄማ ታብሌት ነው የምትዪኝ።"

"ፕላስቲኩ ነው። ከሥሩ የገባው እድፍ..."

"ልጄ ናት ጁኒን ያሳመመቻት?"

"አይደለም። ሎሬዳና፣ እንደዚያ አይደለም።"

"እሺ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እያመጣሁ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት። በዓሣ እየሸነገልኩ!"

"ማንም አላየውም። ማየት የነበረብን እኛ ነን። ፕላስቲኩ ከተነሳና ውስጡ ከጸዳ ታብሌቱ ራሱ ምንም..."

"ከተነሳ?" ድምፅዋ ቀዘቀዘ። "አንቺ ልጅ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ውረጂልኝ።"

"ሎሬዳና..."

"ከአውቶብሴ ውረጂልኝ አልኩ!"

ወረድኩ። በሩ ከኋላዬ ፉጭ ብሎ ተዘጋ። ታብሌቱን እንደያዘች ሄደች። ከሰዓቷ ቀድማ፣ ባዶ አውቶብስ እየነዳች።

እኔ በረዶው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን አደረግሁ? የሚደረገውን። ታዲያ ለምን...

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

ምክትል ሥራ አስኪያጁ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አርቅቆ ሰጠኝ። "አንዲት በጎ ፈቃደኛ ባመጡት ዕቃ ምክንያት" ይላል። እንድፈርም። አልፈርምም አልኩ። "ሁለት ዓመት እያየን ዝም ባልነው ዕቃ ምክንያት" ተብሎ ካልተጻፈ። ተኮሳተረ። እኔን የሚጠላ ሰው አንድ ቢጨመር ብዙ ለውጥ የለውም።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ሰው አላየሁም። ስልክ አልጮኸም። ሬዲዮ ከፍቼ ዘጋሁ። መልሼ ከፈትኩ።

"አንቺ ልጅ አለሽ?" ... የለኝም። እህት ነበረችኝ። ሂልካ ስትሞት ሐኪም ቤቱ ዕቃዋን በላስቲክ ከረጢት ሰጠኝ። ቤት ስደርስ ሁሉንም በአልኮል ጠረግሁ። መነጽሯን ሳይቀር። ከልማድ። ከጠረግሁት በኋላ ወደ መብራት ይዤው አየሁት። ንጹሕ ነበር። እንደ አዲስ።

ለሎሬዳና ይሄን ልነግራት ይገባ ነበር። አውቶብሱ ውስጥ አልመጣልኝም። ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ይሆናል።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ሎሬዳና አልመጣችም። አንዱ ልጅ "ሎሪ የት ሄደች?" አለኝ። "ሥራ በዝቶባት ነው" አልኩ። አላመነኝም። ኮሪን እንኳ በሩን ታያለች።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

የዊኒፔጉ ውጤት መጣ። አንድ ናቸው። የጁኒ፣ የመጀመሪያው ልጅና የታብሌቱ።

ቴሬንስን ሌላ ነገር ለመንኩት። ላቦራቶሪው የድሮ ናሙና በበረዶ ያስቀምጣል። ውጤቱን ከነዚያ ጋር አስተያየው። ባለፈው በጋ እዚያው ክፍል ከነበረ ሌላ ሕመምተኛ ከተወሰደ ጋር ተገጣጠመ። ከዚያ በፊት ግን የለም። ጄማ ታማ በነበረችበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ከታብሌቱ ወደ ክፍሉ አይደለም የመጣው። ከክፍሉ ወደ ታብሌቱ ነው። በአንዳችን እጅ።

ለሎሬዳና ደወልኩ። አላነሳችም። በመልእክት አስቀመጥኩላት፤ "አይላ ነኝ... ከጄማ አይደለም። ከኛ ነው። ይሄን እንድታውቂ ብዬ ነው።" ከዚያ ስልኩን ዘጋሁት።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

ጁኒ ነቃች! ቱቦውን ከጉሮሮዋ አወጡላት። ድምፅዋ እንደ ሽማግሌ ሻክሯል። አባቷ ካፖርቱን አውልቋል። በመስታወቱ በኩል እጄን አወዛወዝኩላት። የሆነ ነገር አለች፤ አልሰማሁም። ነርሷ ወጥታ ነገረችኝ፦

"'ዓሣዬን ማን እያበላልኝ ነው?' ነው የምትለው።"

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ለደስታም ሆነ ለሌላ... አላውቅም።

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

በዝርዝር ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ በር ተንኳኳ። የኔ በር አይንኳኳም። ሎሬዳና ናት። ታብሌቱን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልላ፣ በሌላ ላስቲክ ደግማ ጠቅልላ ይዛለች።

"ጁኒ?" አለች ሳትገባ።

"ነቅታለች። ዓሣዬን ማን እያበላው ነው አለች።"

ግድግዳውን ተደገፈች። ወንበር ሰጠኋት። አንድ ነው ያለኝ፤ እኔ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

"እኔ ነኝ ያበላሁት" አለች። "ከዚያ ቀን ጀምሮ። እንዳይሞትባት ብዬ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "መልእክትሽን ሰምቼዋለሁ። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አነጋገርሽ ግን... ግብር ቢሮ የደወለ ነው የሚመስለው።"

"አውቃለሁ።"

"ቤት ውስጥ ልልጠው ሞከርኩ። ጥፍሬን ከሥሩ አስገባሁና እጄ እምቢ አለ። ባሌ 'ላድርግልሽ' ሲል ጮኽኩበት። አሁን እኔ ራሴ ነኝ የማነሳው፤ አንቺ ግን አጠገቤ ሁኚ። አንቺ አታለቅሺም።"

አላረምኳትም።

ምርጫ እንዳላት ነገርኳት። ታብሌቱን እንዳለ ቤቷ ማስቀመጥ ትችላለች፤ ለልጆቹ ሌላ ይገዛል። "ዓሣው ግን እዚህ ውስጥ ነው" አለች። እሺ፣ ፎቶ ላንሳልሽ አልኳት፣ ቴሬንስ ጥሩ ካሜራ አለው።

"ፎቶ ሞልቶኛል። ይሄ ፎቶ አይደለም።"

"እንግዲያው ፕላስቲኩን አንስተን በሚዘጋ ከረጢት እንክተተው። ቤትሽ ታስቀምጪዋለሽ። መክፈት ብቻ ነው የማይቻለው።"

 ታብሌቱን መብራቱ ሥር እያጋደለች አሻራውን አየችው።

"ሁለት ዓመት በላስቲክ ውስጥ አየኋት" አለች። "ደግሞ በሌላ ላስቲክ ልያት?"

ጓንት ሰጠኋት። አደረገች። ከተላቀቀው ማዕዘን ጀምራ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ድምፅ አለው፣ ቀጭን፣ ረጅም። ሲያልቅ ፕላስቲኩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሙጫውን ወደ ላይ ገለበጠችው። አሻራው እዚያው ነው። አሁን የሚሸፍነው ነገር የለም።

ከዚያ የቀኝ ጓንቷን አወለቀች።

ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልኩት እሱን ነው። አትንኩ። እሷም ታየኝ ነበር፤ እንድከለክላት እየጠበቀች ይመስለኛል።

"ቁስል አለሽ እጅሽ ላይ?" አልኳት።

"የለም።"

"እንደጨረስሽ ትታጠቢያለሽ።"

"እታጠባለሁ።"

አውራ ጣቷን አሻራው ላይ አሳረፈችው። ቀስ ብላ። ልክ የተኛን ልጅ ግንባር እንደሚነኩት። ዓይኗን ጨፈነች። የሆነ ነገር ተናገረች፣ በጣልያንኛ መሰለኝ፣ ለኔ አልነበረም። ጣቷን ስታነሳ የልጅቷ አሻራ አይታይም። የሷ ነው ላዩ ላይ የታተመው። ትልቁ ትንሹን ሸፈነው።

አየችው። "በቃ" አለች። ራሷ ተነስታ ቢጫው የሕክምና ቆሻሻ ማስወገጃ ውስጥ ጣለችው።

መታጠቢያው ጋ ይዣት ሄድኩ። ሳሙናውን እኔ አደረግሁላት። አሸሁላት፣ በጣቶቿ መሀል፣ ጥፍሯ ሥር፣ ለሌላው ሰው ሳስተምር እንደማደርገው። ውኃው ሞቃት ነበር። መሀል ላይ እሷም የኔን ማሸት ጀመረች። አላስተዋለችውም መሰለኝ። ያለ ጓንት የሰው እጅ... ከኤፕሪል ወዲህ።

የሂልካን መነጽር ነገርኳት። እዚያው፣ ውኃው እየፈሰሰ።

 እጄን በወረቀት ፎጣ አደረቀችልኝ፣ አንድ በአንድ።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ታብሌቱን አጽድተን ናሙና ወሰድኩ። ውጤቱ ንጹሕ እስኪሆን ክፍሉ አይገባም። ሎሬዳና ግን ባዶ እጇን መጣች። ቀለምና ወረቀት ይዛ። "ዛሬ እንደ ጥንቱ ነው የምንስለው!"

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ንጹሕ ነው። ጁኒም ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ዓሣውን ስታገኘው መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "ለምን ወፈረ?" ነው።

"ሎሪ አብዝታ አብልታው ነው" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ አጋልጪኝ" አለች ሎሬዳና።

ከእንግዲህ ታብሌቱ፣ ሪሞቱ፣ መጫወቻው፣ የማንም ይሁን የማን፣ በዙሬ ውስጥ ነው። ደንቡን ኮሪን ነች የጻፈችው፣ ለአለቆቹም የላከችው። እኔን አስፈረመችኝ። ፈረምኩ።

ምሳዬን ማረፊያው ውስጥ በላሁ። ወሬው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ስለ ማን ባል እንደሚያወሩ ስላላወቅሁ ዝም ብዬ ሰማሁ።

ዲሴምበር 21፣ እሑድ

በረዶው በሩን ደፍኖት አደረ። ጠዋት አካፋ ሲፋቅ ሰማሁ፤ ጎረቤት መስሎኝ። መጋረጃውን ስገልጥ ሎሬዳና ናት፤ የባሏን ኮፍያ አድርጋ መንገዴን ትጠርጋለች።

"ማን ላከሽ?" አልኳት በሩን ከፍቼ።

"ማንም! ለልጆቹ የገና ስጦታ ለማድረስ ከማታ ጀምሮ ከባሌ ጋር ስንዞር ነበር፣ ባንቺ በኩል ስናልፍ በርሽ የለም! ቤቱን ሰረቁባት ብዬ ነው የወረድኩት።"

ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ። ወለሉ ሁሉ ውኃ ሆነ። ሻይ አፈላሁ። ስለ ጄማ አወራችኝ፤ ስለ ሞቷ አይደለም፣ ስለ ተንኮሏ። የመምህሯን ኮት ኪስ ውስጥ እንቁራሪት የከተተች ልጅ ነበረች። እኔም የሂልካን ነገርኳት። ሂልካ ሰው ሲዘፍን ሰምታ የማታውቅ ይመስል ዜማ አጣምማ ትዘፍን እንደነበር፣ እኔም እየጮኽኩ በሩን እዘጋባት እንደነበር። ሎሬዳና ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። ሳትጠይቀኝ የሂልካ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠችው። ምንም አልሆነም። ወንበር ነው።

ከዚያ "ባሌ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይወስደኛል፣ እስከዚያ ዓይኔን ልክደን" ብላ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ባሏ ደወለና መንገዱ ተዘግቷል፣ ከእራት በኋላ እመጣለሁ አለኝ። እሷ አልሰማችም። ተኝታለች። ታንኮራፋለች፣ ያውም በደንብ።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው ይሄን የምጽፈው። ገና ብርሃን አለ። ወለሉን አልወለወልኩትም። ሲደርቅ ይደርቃል።

እራት ልሥራ... ለሁለት ሰው ስንት ድንች ነው የሚላጠው? ጠፍቶኛል። ስትነቃ እጠይቃታለሁ።